ፕራዮሪክስ ወይስ ኤም-ኤም-አር ቱ? ከዳርዊን ርቀው ለሚኖሩ አራሶች የሩቤላ ክትባት ግምገማ

አውስትራሊያ ውስጥ ለአዋቂ ሴት የሩቤላ ክትባት ፍለጋ ፍሪጅ የከፈተ ባለሙያ የሚያገኘው ከሁለት አንዱን ነው፤ የመድኃኒት ኩባንያው ጂኤስኬ የሚሠራውን ፕራዮሪክስ ወይም ሌላው ኩባንያ ኤምኤስዲ የሚሠራውን ኤም-ኤም-አር ቱ። ሩቤላን ብቻ የሚከላከል ነጠላ ክትባት የለም። ሁለቱም ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን አንድ ላይ የያዙ ናቸው። ሜልበርን ወይም ፐርዝ ለሚሠራ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንቅልፍ አይነሳም። በኖርዘርን ቴሪቶሪ ሰሜናዊ ክፍል፣ ቶፕ ኤንድ በሚሉት አገር፣ ማኒንግሪዳ ወይም ቦሮሉላ ወይም ቲዊ ደሴቶች ላይ ለምትሠራ ነርስ ግን የሳጥኑ አሠራር ራሱ ሥራ ያቀልላል ወይም ያከብዳል። ይህ ግምገማ ለእሷና እዚያ ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ አዋላጆች ሁሉ ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። የሩቤላው ክፍል በሁለቱም ውስጥ አንድ ነው፦ ስታንሊ ፕሎትኪን በፊላደልፊያ ዊስታር ተቋም ውስጥ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው አርኤ 27/3 የተባለው የተዳከመ ቫይረስ። በአንድ ዶዝ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ መጠንም በሁለቱም 1,000 ሲሲአይዲ50 (የሕያው ቫይረስ መለኪያ) ነው። አንድ ዓመት ከሞላቸው በኋላ አንድ ዶዝ ከወሰዱ 100 ሰዎች 95ቱና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ሩቤላን የመከላከል አቅም ያገኛሉ። ስለዚህ «የትኛው የበለጠ ይከላከላል?» ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። የሚለያዩት በሳጥናቸው፣ በቀለማቸው፣ ከቫይረሱ ጋር በተጨመረው ነገርና በሙቀት ገደባቸው ነው። በእነዚህ ሲመዘኑ ለዚህ ሥራ ፕራዮሪክስ በጥቂቱ ይሻላል። ሁለቱም የሚከሽፉበት ቦታ ግን አንድ ነው፤ እናቲቱ ሳትከተብ ከሆስፒታሉ ስትወጣ።

ጉዳዩ ለምን በእነዚህ ሴቶች ላይ እንደሚጠና በአጭሩ እንንካው። ሩቤላ፣ ማለትም የጀርመን ኩፍኝ፣ ለተሸከመችው ሴት ቀላል ሕመም ነው፤ ከታማሚዎቹ ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ጭራሽ ምልክት አያሳዩም። በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ 8 እስከ 10 ሳምንታት ውስጥ ከያዛት ግን ፅንሱ የመጎዳቱ ዕድል እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፤ የዓይን ሞራ፣ መስማት አለመቻልና የልብ ጉድለት ይከተላሉ። ይህንን ግንኙነት በ1941 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው የሲድኒው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ነበር፤ የሩቤላ ታሪክ ራሱ አውስትራሊያዊ ነው ማለት ይቻላል። አገሪቱ በ1971 ልጃገረዶችን በትምህርት ቤት መከተብ ጀመረች፤ በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ሩቤላን ማስወገዷን አረጋገጠላት። በትምህርት ቤት የሚሰጥ ክትባት ግን የሚያገኘው ትምህርት ቤት የተገኘችውን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳትደርስ ትምህርት ያቋረጠች፣ ወይም ከዘመድ ዘመድ፣ ከመንደር መንደር ስትዘዋወር ያደገች ልጅ ከመዝገቡ ትወጣለች።

የአውስትራሊያ የክትባት መመሪያ መጽሐፍ ሩቤላን የመከላከል አቅም ሊጎድላቸው ይችላል ብሎ ለይቶ ከሚጠራቸው መካከል ሦስት ወገኖችን ልብ በሉ። አንደኛዎቹ በገጠርና ራቅ ባሉ አካባቢዎች የሚኖሩ የአቦርጅናልና የቶረስ ስትሬት ደሴት ሴቶች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ከ35 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ናቸው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካና ከመሰል አካባቢዎች፣ የትምህርት ቤት ክትባት ዕድሜ ካለፋቸው በኋላ የገቡ ሴቶች ናቸው። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር አድጋ በ25 ዓመቷ የቴሪቶሪው ዋና ከተማ ዳርዊን የገባች እህት እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእሷም ይሠራል፤ ልዩነቱ እሷን ለማግኘት አውሮፕላን አለማስፈለጉ ነው።

ወደ ሳጥኖቹ እንግባ። ፕራዮሪክስ ነጣ ያለ ወይም በትንሹ ሮዝ የሆነ ደረቅ ዱቄት በቫያል (በትንሽ ጠርሙስ)፣ 0.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ደግሞ በተሞላ ሲሪንጅ ሆኖ ይቀርባል። ሲቀላቀል ከኮክ ቀለም እስከ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ኤም-ኤም-አር ቱ ደረቅ ቢጫ ፍርፋሪ ነው፤ ሲሟሟ ጥርት ያለ ቢጫ ፈሳሽ ይሆናል። ማሟሟያው እንደ አገሩና እንደ ሳጥኑ በቫያልም በሲሪንጅም ይመጣል።

ቀለሙ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። በቫያልና በሲሪንጅ በሚመጣ ማንኛውም ክትባት ላይ የታወቀው ስሕተት ማሟሟያውን ብቻ መውጋት ነው። ሲሪንጁ ተሞልቶ፣ ተዘጋጅቶ፣ «ውሰደኝ» የሚል ይመስላል፤ ሦስት ሕፃናት በሚያለቅሱበት ክፍል ውስጥ ቫያሉ ትሪው ላይ ተረስቶ ይቀራል። እናቲቱ ውሃ ተወግታ ትሄዳለች፤ መዝገቡ «ተከትባለች» ይላል። ፕራዮሪክስ ላይ ይህንን ለመያዝ መርፌውን ወደ ብርሃን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል፤ ሮዝ ካልሆነ አትውጉ። ደብዛዛ ቢጫ ግን ደካማ አምፖል ባለበት ክፍል ውስጥ ከውሃ ጋር ይምታታል። ፕራዮሪክስ የመጀመሪያውን ነጥብ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

አቀላቀሉ እንዲህ ነው። የቫያሉንም የሲሪንጁንም የአገልግሎት ማብቂያ ቀን እዩ፤ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ፣ የሚገዛውም የቀረበው ቀን ነው። ሲሪንጁን የምትይዙት በርሜሉን እንጂ ግፊያውን አይደለም፤ ቆቡን ወደ ግራ ስታዞሩ ግፊያውን ከያዛችሁ ተነቅሎ ይወጣል፣ ዶዙም ይበላሻል። መርፌውን ግጠሙ፣ ውሃውን በሙሉ ወደ ቫያሉ ጨምሩ፣ ዱቄቱ ቅንጣት እስኪያጣ ድረስ በደንብ ነቅንቁ። ሙሉውን መልሳችሁ ሳቡ፤ ከዚያ መርፌውን ቀይሩ። ብዙዎች ይህንን መርፌ መቀየር ይዘሉታል፤ በጎማው ያለፈ መርፌ ይደነዝዛል፣ ያሳምማልም። ክንዱን በአልኮል ካበሳችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ነው። ከቆዳ ሥርም ወደ ጡንቻም መስጠት ይቻላል። የተቀላቀለ ዶዝ ወዲያው ይሰጣል፤ ካልሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ከብርሃን ተጠብቆ ቢበዛ 8 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ይጣላል። «ትመጣለች» ተብሎ አስቀድሞ መቀላቀል በእነዚህ ክሊኒኮች መጥፎ ልማድ ነው፤ መኪናው ሲበላሽ ወይም ለቅሶ ሲሆን ማንም አይመጣም።

ሁለተኛው ነጥብ ጄላቲን ነው። ኤም-ኤም-አር ቱ ውስጥ ከአሳማ የተገኘ የተፍረከረከ ጄላቲን አለ፤ ፕራዮሪክስ ውስጥ የለም። ከኢትዮጵያ ወይም ከኤርትራ የመጣች እናት፣ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም፣ «የአሳማ ነገር አለበት?» ብላ ከጠየቀች መልሱ ከሳጥኑ ጋር ይለዋወጣል ማለት ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄዱ እውነቱን ንገሯትና ፕራዮሪክሱን አምጡላት። ለጄላቲን አናፊላክሲስ (ሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ) ያለበት ሰውም እንዲሁ። ኒዮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ግን ሁለቱም ውስጥ አለ፤ ለእሱ ከባድ አለርጂ ያለባት ሴት በሁለቱም አትከተብም። የእንቁላል አለርጂ አይከለክልም።

ኤም-ኤም-አር ቱ በግልጽ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ፤ የሙቀት ገደቡ። ዱቄቱ ከ-50 እስከ +8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ፍሪዘር ውስጥ ቢገባ አይበላሽም። ፕራዮሪክስ ከ2 እስከ 8 ነው፤ የተሞላው ሲሪንጅ ደግሞ መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት የለበትም። ቶፕ ኤንድ ውስጥ ከኅዳር ገደማ እስከ ሚያዝያ በሚዘልቀው ዝናብ መንገዱ ይዘጋል፤ ክትባት በትንሽ አውሮፕላን ይመጣና ሜዳው ጥግ ላይ ኤስኪ (ተንቀሳቃሽ የማቀዝቀዣ ሳጥን) ውስጥ ይጠብቃል። ሰው ሙቀቱን ፈርቶ ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ በቀጥታ ይደረድርበታል። ዱቄቱ ይተርፋል፤ አብረውት የተላኩት የሄፓታይተስ ቢና የትክትክ ክትባቶች ግን ይረጋሉ፣ ከረጉ ደግሞ አይመለሱም። አይስ ፓኩ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ እስኪሰማ ድረስ ውጭ መቆየት አለበት፤ 20 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ ይህ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። የፍሪጁን ሙቀት የሚመዘግበው ዳታ ሎገር በየ5 ደቂቃው እንዲመዘግብ ይሞላል፤ ያም ሆኖ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን በቀን ሁለት ጊዜ በዓይን አይቶ መጻፍ አይቀርም። የቤት ፍሪጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አንድ የፍሪጅ ወጥመድ ደግሞ አለ። የ18 ወር ሕፃናት የሚወስዱት ክትባት ፈንጣጣ መሰሉን ቫሪሴላ የጨመረ ባለአራቱ ነው፤ ከእነሱም አንዱ ፕራዮሪክስ-ቴትራ ይባላል። ስሙ ከፕራዮሪክስ ጋር እንደ መንታ ነው። ባለአራቱ 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው አይሰጥም። በተለያየ መደርደሪያ፣ በተለያየ ቅርጫት አስቀምጡ፤ ቅርጫቱ ላይ «አዋቂ/12 ወር» እና «18 ወር» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ጂኤስኬ ስሙን ለይቶ ቢያወጣ ይህ ሁሉ ጽሕፈት ባላስፈለገ ነበር።

ምርመራውስ? በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የሩቤላ አይጂጂ፣ ማለትም የቆየ መከላከያን የሚያሳይ የአንቲቦዲ የደም ምርመራ፣ ይላካል። ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት መስመር በሚሊ ሊትር 10 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን «መከላከያ አላት»፣ በታች ሲሆን «የላትም» ይላሉ፤ በመስመሩ ዙሪያ ደግሞ «አጠራጣሪ» የሚባል ክልል አለ። ችግሩ የምርመራ ኪቶቹ ቁጥር እርስ በርስ አለመስማማቱ ነው። ያው አንድ ደም በአንዱ መሣሪያ 8፣ በሌላው 14 ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ያለፈውን እርግዝና ውጤት ከዘንድሮው ጋር አወዳድሮ «መከላከያዋ ወረደ» ማለት ላቦራቶሪው ተቀይሮ ከሆነ ባዶ ወሬ ነው። ክፍተቱን የሚዘጋው የክትባት መዝገብ ነው። በአሜሪካ መመሪያ ሁለት የተመዘገበ ዶዝ ኖሯት አይጂጂዋ ግልጽ ያልሆነ ሴት አንድ ተጨማሪ ዶዝ ትወስዳለች፣ በጠቅላላው ከሦስት አታልፍም፣ ዳግመኛም አትመረመርም። በየእርግዝናው ደም እየቀዱ በየወሊዱ መከተብ ማንንም አይጠቅምም።

አይጂኤም፣ ማለትም የቅርብ ጊዜ ሕመምን የሚፈልገውን ምርመራ፣ ደግሞ ሽፍታ ወይም ንክኪ ለሌላት ነፍሰ ጡር አታዙ። በሽታው በጠፋበት አገር የሚወጣው አዎንታዊ ውጤት ባብዛኛው ሐሰተኛ ነው፤ እናቲቱን ግን ለሳምንታት ያስጨንቃታል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ክትባቱ ሕያው ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። ውጤቱ በ10ኛው ሳምንት ይታወቃል፤ ክትባቱ የሚሰጠው ስድስትና ሰባት ወር ቆይቶ ነው። በዚያ መሐል ወረቀቱ እጅ ይለውጣል። ራቅ ባለ ማኅበረሰብ የምትኖር ሴት 38 ሳምንት አካባቢ ወደ ዳርዊን ወይም ካትሪን ተወስዳ እዚያ ትጠብቃለች፣ ትወልዳለች፣ ከዚያ በአውሮፕላን ትመለሳለች። የማኅበረሰቡ ክሊኒክ «ሆስፒታሉ ይሰጣታል» ይላል፤ ሆስፒታሉ «ክሊኒኩ ይሰጣታል» ይላል። ይህ በምርቱ ላይ የሚጻፍ ጉድለት አይደለም፤ የአገልግሎቱ ነው፣ ነጥብ የሚቀንሰውም እዚህ ነው።

የሚሠራው አሠራር ይሄ ነው፦ አይጂጂው ዝቅ ያለ መሆኑ በታወቀበት ዕለት የክትባቱ ትእዛዝ «ከወሊድ በኋላ፣ ከዋርድ ሳትወጣ» ተብሎ ይጻፍ፣ የዝውውር ደብዳቤውም የመጀመሪያ መስመር ላይ ይቀመጥ። ዋርዱ ውስጥ የሚሰጠው በወለደች ማግስት ጠዋት ነው፤ ወደ አውሮፕላን የሚወስዳት መኪና በር ላይ ሲቆም አይደለም። ጡት ማጥባት አይከለክልም። አንቲ-ዲ (አርኤች ኔጌቲቭ ደም ላላት እናት የሚሰጥ የአንቲቦዲ መርፌ) የወሰደችም በተለያየ ቦታ ላይ አብሮ ትከተባለች፤ ብቻ ከጥቂት ወራት በኋላ መከላከያ መያዟን በደም ማረጋገጥ ነው። ብዙ ደም ፈስሷት ደም ከተሰጣት ግን የተሰጣት አንቲቦዲ ክትባቱን ሊያመክነው ይችላል፤ የመቆያው ወራት በደሙ ዓይነት ይለያያል፣ ስለዚህ ሠንጠረዡን ሳያዩ መስጠትም መተውም አይገባም። ከክትባቱ በኋላ 28 ቀን ማርገዝ የለባትም። ለአራስ ይህ ቀላል ነው፤ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ የፈለገች እናት በዚያው ጠዋት ካስቀበረች ጥያቄው ተዘጋ።

ምዝገባው የራሱ ጣጣ አለው። የአውስትራሊያ የክትባት መዝገብ ለሁሉም ዕድሜ የተከፈተው በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት የተከተበች አዋቂ እዚያ ላይ ላትታይ ትችላለች፤ «አልተከተበችም» ማለት ግን አይደለም። ከስም ጋር የተያያዘ ነገርም አለ። በብዙ የአቦርጅናል ማኅበረሰቦች የሞተ ሰው ስም አይጠራም፤ ያንን ስም የያዘ ሕያው ሰውም ለጊዜው በሌላ ስም ይጠራል። አንዲት ሴት ሦስት ስም፣ ሁለት የልደት ቀን ይዛ ልትገኝ ትችላለች። በስም ከመፈለግ በኖርዘርን ቴሪቶሪ ሆስፒታሎች የሚሰጠውን የታካሚ ቁጥር ይዞ መፈለግ ይሻላል። ስሟንም ጮክ ብላችሁ ከመጥራታችሁ በፊት የማኅበረሰቡን ጤና ሠራተኛ ጠይቁ።

ሁለተኛውን ዶዝ ለመስጠት የሚያበቃው ዝቅተኛ ጊዜ 4 ሳምንት ነው። ቶፕ ኤንድ ውስጥ የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ነው፤ ያለባቸው ወጣት ሴቶች በየ28 ቀኑ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለመወጋት ይመጣሉ። የሩቤላ ሁለተኛ ዶዝ ቀጠሮ ለብቻው ከተያዘ ይረሳል፤ ከፔኒሲሊኑ ቀጠሮ ጋር ከታሰረ ግን ከነጥሪ ዝርዝሩ፣ ከነመኪናው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ሁለቱ መርፌዎች በተለያየ ቦታ እስከተሰጡ ድረስ አይጋጩም። የቲቢ የቆዳ ምርመራ ካለባት ግን በዚያው ቀን ይደረግ፤ አለዚያ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠብቅ፣ ክትባቱ ውጤቱን ያዳፍነዋልና።

ለእናቲቱ ምን ይነገራት? በአስተርጓሚ፣ በአጭሩ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የጣት፣ የእጅ አንጓና የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ መከላከያ ከሌላቸው አዋቂ ሴቶች ሩብ ያህሉ ይሰማቸዋል፣ በራሱም ይለቃል። ይህ በሁለቱም ብራንድ እኩል ነው፤ የሚመጣው ከአርኤ 27/3ው ነውና። ሳይነገራት የቀረ እንደሆነ ግን የሩማቲክ ሕመም ያለባት ሴት ያው ሕመም ተነሥቶ መገጣጠሚያዋን ያጠቃት ይመስላታል፤ ክሊኒኩም ይመስለዋል፣ በዝናቡ ወቅት ዳርዊን ድረስ ትላካለች። ስለዚህ የክትባቱ ቀን ካርዷ ላይም የክሊኒኩ ፋይል ላይም በግልጽ ይጻፍ።

ነጥብ ከተባለ፦ ፕራዮሪክስ ከ10 9፤ ያጣው አንድ ነጥብ ለስሙ መንታነትና ለሲሪንጁ ነው። ኤም-ኤም-አር ቱ 8፤ ፍሪጁ የሚያስቸግር፣ ፍሪዘሩ የሚታመን ክሊኒክ ግን ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው አይፈረድበትም። በእጅ ያለው አንዱ ብቻ ከሆነ ሌላውን መጠበቅ ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያው ዶዝ በአንዱ፣ ሁለተኛው በሌላው ሊሆን ይችላል።

ማርገዟ ሳይታወቅ የተከተበች ሴት ብታጋጥማችሁ፣ ይህ እርግዝናን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። በስሕተት ከተከተቡ ነፍሰ ጡሮች በተሰበሰበው መረጃ ከክትባቱ የመጣ የሩቤላ ሲንድረም ያለበት ሕፃን አልተገኘም። ለሐኪሙ አሳውቁ፣ ቀኑንና የባች ቁጥሩን መዝግቡ፣ መደበኛ ክትትሏን አስቀጥሉ።